ለበቀቀን የተሰፋ ሰደርያ

በልብስ ስፌት ቤታችን ከጎኔ ባለው መኪና የሚሰፋውን ጓደኛዬን ደንበኞች «ወዲያው» ይሉታል። መቼ ይደርሳል ሲሉት «ወዲያው» ስለሚል ነው፤ ሱሪው የሚደርሰው ግን ባለቤቱ ወፍሮ አልገባ ሲለው ነው። እጁ ወርቅ ስለሆነ ሁሉም እየተራገመ ተመልሶ ይመጣል። እኔም ስንት ዓመት ሰድቤዋለሁ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይስቃል።

ሳቁ የጠፋው ታላቅ እህቱ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ጊዜ ነው። እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ቀዶ ጥገናው በደህና አልፎ ሐኪሞቹ መራመድ ትችያለሽ ቢሏትም፣ ደግሜ እወድቃለሁ ብላ ፈራችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እንዲህ ከቆየች እግሯ ጨርሶ እንደሚከዳት ነርሷ ለወንድምየው በግልጽ ነገረችው። እህትየው የምትጠይቀው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ስለምታየው ግራጫ በቀቀኗ። ወፍ ወደ ክፍሎቹ አይገባም፤ የሆስፒታሉ አትክልት ቦታ ግን ይፈቀዳል። ሰውየው ታዲያ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ወዲያው አመጣልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ ወደ ታች ውረጂ።

ማምጣቱ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በቀቀኑ የሽቦ ቤት ውስጥ ከተቆለፈበት እስኪደማ ድረስ ራሱን ያጋጫል፤ ሳይታሰር ከወጣ ደግሞ አንድ የመኪና ክላክስ ሲሰማ በርሮ ይጠፋል። ክንፉን ቁረጠው ያልነው እኛ ነን፤ እሷ ግን አንድ ላባ እንዳይነካ አስምላዋለች። ስለዚህ ደረቱን አቅፎ በክንፎቹ ሥር የሚያልፍ፣ ጀርባው ላይ ረጅም ገመድ ያለው መታጠቂያ ሰፋለት። እሱ «ሰደርያ» ነው የሚለው። ለሙሽራ ልብስ እንኳ እንዲህ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም።

የማልበሱ ነገር ግን ጉድ አፈላ። እኛ ሰፊዎች ኮት ስናስሞክር ከደንበኛው ጀርባ ቆመን እጅጌውን እንይዝለታለን፤ የለመድነው እንዲያ ነው። እሱም ከኋላ መጥቶ ሊያጠልቅለት ሞከረ። ለወፍ ደግሞ ከኋላ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጭልፊት ነው። በቀቀኑ አውራ ጣቱን ነክሶት ቁም ሣጥን ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰደርያውን ገና ሲያይ ይጮህ ጀመር። ጓደኛዬ ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ ሥራ ገባ።

«ጠልቶኛል» አለኝ አቀርቅሮ። «እታለም በኔ ምክንያት እግሯን ልታጣ ነው።»

ያኔ አንጀቴን በላው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱም ከሥሩ ጀመረ። ሰደርያውን ወፉ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዝም አለው። ወፉ መፍራቱን ሲተው፣ ከፊት ለፊቱ ሆኖ በአንገቱ ማስገቢያ በኩል ኦቾሎኒ ያሳየው ጀመር፤ ኦቾሎኒውን የፈለገ አንገቱን ራሱ ያስገባ። እምቢ ካለም ይተወዋል። ስንቱን ደንበኛ በቀጠሮ ያንከራተተ ሰው ለአንድ ወፍ እንዲህ ሲታገሥ ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። አንገቱን ሲለምድ ክንፎቹን፣ ከዚያ ገመዱን፣ ከዚያ በረንዳውን፣ በመጨረሻም ጭር ያለውን የጓሮ መንገድ አስለመደው። አንድ ቀን ሞተር ብስክሌት አስደንግጦት ከትከሻው ተነሣ፤ ገመዱ ያዘው፣ ትንሽ ተወራጨና ተመልሶ እዚያው ትከሻው ላይ ዐረፈ።

ከነርሷ ጋር በተቀጣጠረበት ቀን ወደ ሆስፒታሉ አብሬው ሄድኩ። ነርሷ እህቱን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች እስከ አትክልቱ ቦታ ጫፍ አመጣቻት። ከስታለች፣ ፊቷም ጠቁሯል። በቀቀኑን ከነሰደርያው ስታይ አፏን በመዳፏ ያዘች። ጓደኛዬ አላስችል ብሎት ወደ እሷ ሊሮጥ ሲል ወፉ ክንፉን ዘረጋ።

«አትሩጥ፣ ታስደነግጠዋለህ!» አለችው። «እዚያው ቁም፤ እኔ እመጣለሁ።»

ነርሷ የመራመጃ መደገፊያውን አቀረበችላት። ተነሣች። በመካከላቸው ያለው ሣር ለእኛ ምንም አይደለም፤ እሷ ግን እየቆመች፣ እየተነፈሰች፣ ዓይኗን ከወፉ ሳትነቅል አቋረጠችው። ወንድሟ እንባው እየወረደ፣ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ ጠበቃት።