ስምንተኛው ሺህና ግሪሳ

«ዓለም ሊያልፍ ነው ሲባል ሰው እንቅልፍ ያጣል» ይላሉ። ሐሰት ነው። ሰው እንደዚያ ሰሞን እፎይ ብሎ ሲተኛ አይቼ አላውቅም።

ጣልያን መተማን በያዘበት ዘመን ነው። እኛ ሽንፋ ወንዝ ዳር ማሽላ እናርስ ነበር። አገሩ ሁሉ ስምንተኛው ሺህ ገባ ይላል፤ ምልክትም አልጠፋም። ብረት በሰማይ ይበራል፣ ንጉሡ ከአገር ወጥተዋል፣ ወታደር የሰው እህል በካሚዮን ጭኖ ይሄዳል። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር አንድ ባህታዊ ከደጋ ወረዱ። ብጫ ለብሰው፣ መቋሚያ ይዘው፣ «ጌታ በደጅ ነው፤ ንቁ!» አሉን።

ሕዝቡም ነቃ። ነቅቶም ማሳውን ትቶ ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ገባና ከዛፉ ጥላ ሥር ተጋደመ።

አልፈርድበትም። ለካሚዮን ሲያርስ ለከረመ ገበሬ፣ ዓለም ያልፋል መባል የምሥራች ነው። ነገ የሌለበት ሰው ምን ያስጨንቀዋል? ያንኮራፋል።

አክስቴ ግን እኔን ልጁን ይዛ ማማዋ ላይ ቀረች። ባሏ በጦርነቱ ሞቷል፤ ልጆቿ ገና ለሥራ አልደረሱም፤ ያች ማሽላ ከጠፋች ለክረምት የሚቀመስ የላቸውም።

ማማ ከማሳ መሐል በእንጨት የሚሠራ ከፍ ያለ መቆሚያ ነው። ጠባቂው ጠዋትና አመሻሽ እዚያ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ግሪሳን ያባርራል። ግሪሳ ስትታይ ድንቢጥ ታክላለች፤ መንጋዋ ከሰፈረ ግን ማሳውን ባዶ አገዳ አድርጎት ነው የሚነሣ። አንድ ጠባቂ ብቻውን አይችላትም። ከእሱ ስትባረር ጎረቤቱ ማሳ ትሰፍራለች፤ እዚያ የሚጮህባት ካጣች በልታ፣ አርፋ፣ ትመለስበታለች። ስለዚህ የቆላ ሰው ማማውን ድምፁ ከጎረቤቱ ማማ እንዲደርስ አድርጎ ይሠራል። አንዱ «እሆ!» ሲል ሌላው ይቀበለዋል።

በዚያ ሰሞን አክስቴን የሚቀበላት አንድ ሙስሊም ነጋዴ ብቻ ነበር። ሱቁን ዘግቶ ከወዲያ ማዶ ማሳውን ይጠብቃል። በመካከላቸው ያለው ማማ ሁሉ ሰው አልባ ነው።

«አንተስ፣ ዓለም አያልፍም ባይ ነህ?» ብላ ጮኸችበት።

«እትዬ፣ ቂያማን እኛም እንጠብቃለን! ግሪሳ ግን ቂያማን አትጠብቅም!»

እውነቱን ነበር። አንድ ጠዋት መንጋው እንደ ደመና መጣና ሰው አልባው ማሳ ላይ ሰፈረ። አክስቴ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ከዚያ ማማውን ለእኔ ትታ ልትወርድ ስትል፣ «አክስቴ፣ ወዴት?» አልኋት። «ሰው ልለምን» አለች። ነጋዴው ከማዶ «ማሳችሁን አይላችኋለሁ» ሲለኝ ተከተልኋት።

ከቅጽሩ ስንገባ የነቁት ባህታዊው ብቻ ነበሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸው ደም መስሎ፣ ምሥራቁን ያያሉ። ሌላው ሁሉ ተኝቷል።

«አባቴ፣ ጌታ ሲመጣ ማማ ላይ ቢያገኘኝ ይቆጣኛል?»

«ምን ስትሠሪ፣ ልጄ?»

«ለልጆቼ እህል ወፍ ሳባርር።»

«አይቆጣሽም።»

«እነዚህንስ እንዲህ ሆነው ቢያገኛቸው?»

ባህታዊው ያን ጊዜ ነው ዞር ብለው ያዩት። አንዱ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

«ንቁ ነበር እኮ ያልኋቸው።»

«ብለዋል። አሁን ግሪሳ ሰፍሯል፤ ብቻዬን አልቻልሁትም። አንድ ሰው ይስጡኝ።»

«አንድ ከሆነስ እኔው አለሁ» አሉና ቀድመውን ወጡ።

መካከለኛው ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ተቀበሉኝ። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላ ሄዶ በጆሮዬ አጠገብ አፏጨ።

«አባ! ግሪሳዋ በወዲህ ናት! ልጁን ተዉት!» አለ ነጋዴው።

ወንጭፉን ጣሉትና በድምፃቸው ገቡበት። በረሃ ለበረሃ ሲሰብክ የኖረ ድምፅ ነው። ከቅጽሩ ድረስ ተሰማ፤ የተኙት ተደናግጠው ወጡ።

«መጣ?» አለ ያ ሲያንኮራፋ የነበረው፣ ነጠላውን እየጎተተ።

«መጣ እንጂ! ማሳህን እየበላልህ ነው!» አለችው አክስቴ።

ሮጡ። ሁሉም በየማማው ወጣ፤ «እሆ!» ከዳር እስከ ዳር ተቀባበለ፤ መንጋው ማረፊያ አጥቶ ወንዙን ተሻገረ። መካከል ያለው ማሳ ተበልቶ አልቋል። የአክስቴ ግን እኩሌታው ተረፈ፤ ልጆቿም ክረምቱን ወጡ።

ባህታዊው አጨዳ እስኪያልቅ አልሄዱም። ጠዋት ጠዋት ከማማው ላይ ያንኑ ስብከት ይሰብካሉ፤ መሐል መሐሉ ላይ «እሆ!» ይላሉ። ፍጻሜው ቅርብ ነው ማለትን አልተዉም። እኔም ብዙ መጽሐፍ አገላብጬ ሩቅ ነው የሚያሰኝ አላገኘሁም።

አንተም አንባቢ፣ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ ልትለኝ ስትመጣ በጎረቤትህ ማሳ በኩል እለፍ። ማማው ላይ ሰው ከሌለ፣ እኔን ተወኝና ውጣበት።