ቢላ መሞረጃውን ለብቻዬ የመረጥኩ ዕለት

ማሽን መምረጥ አታውቅም የሚለኝ ሰው ካለ እጣላዋለሁ። ሽንፋ በምትባል የቆላ ከተማ ወፍጮ ቤት ከፍቼ ስኖር ስንት ሞተር ገዝቻለሁ፣ ስንቱን ፈትቼ ገጥሜያለሁ! ታዲያ ቢላ መሥራት ልጀምር ብዬ የመጀመሪያዋን መሞረጃ ስገዛ የተሳሳትኩት ማሽን ስለማላውቅ አይደለም። ስላፈርኩ ነው። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ።

ከከተማው ዳር፣ ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ አሉ። የወፍጮዬን ድንጋይ የምወቅርበትን መውቀሪያ የሚያሾሉልኝ እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ ዓይኑ ይፈራል፣ ከቤቱ አይበላም፣ ለማዕድም አይጠራም። የእጁን ሥራ ግን ሁሉም ይፈልገዋል። እኔም ከሌላው አልሻልም ነበር። መውቀሪያዬን አቀብዬ ደጅ እቆማለሁ፤ ውሃ ሲሰጡኝ "አልጠማኝም" እላለሁ፣ ያውም በዚያ ሐሩር! ቢላ የወደድኩት ግን የእሳቸውን እጅ እያየሁ ነው። ብረቱ ለምን እንደሚደነድን፣ ለምን እንደሚሰበር ስጠይቃቸው ሳይሰለቹ ይነግሩኝ ነበር።

በኋላ በስልኬ ሰዎች ያለ መዶሻ፣ ያለ እሳት ቢላ ሲሠሩ አየሁ። ሰፊ የብርጭቆ ወረቀት ልክ እንደ ወፍጮ ቺንጋ በጎማዎች ላይ እየዞረ ብረቱን ይሞርደዋል፣ አለቀ። በልቤ እልል አልኩ። መዶሻ ከያዝኩ ቀጥቃጭ እባላለሁ፤ ማሽን ካቆምኩ ግን ባለሙያ ነኝ፣ ማንም አፉን አይከፍትብኝም። ለሽማግሌው ስነግራቸው ፊታቸው በራ። "ጎንደር ስትወጣ አብሬህ ልሂድ። ብረት ይዤ እፈትንልሃለሁ" አሉኝ። ሐሙስ እንሄዳለን አልኳቸው። እኔ ግን ረቡዕ በማለዳ ለብቻዬ ተሳፈርኩ። አውቶብስ ውስጥ ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ መታየቱን አልደፈርኩም።

ጎንደር ሻጩ ሁለት ማሽን አሳየኝ። አንዷ ጠበብ ያለች ናት፤ ፍጥነቷን በቁልፍ ዝቅና ከፍ ታደርጋለህ። ሁለተኛዋ ሞተሯ ደንዳና፣ ፍጥነቷ አንድ ብቻ፣ ስትነሳ ሱቁን የምታንቀጠቅጥ። "ለጀማሪ ይቺ ቀስ የምትለዋ ትሻላለች" አለኝ ሻጩ። ድንቄም! የወፍጮ ሰው ሆኜ ቀስ የሚል ማሽን ልግዛ? ለእኛ ወፍጮ ማለት የሚጎትት፣ እህሉን ቶሎ የሚጨርስ ነው። ደንዳናዋን አስጭኜ ተመለስኩ።

ቢላውን የሠራሁት ካረጀ የትራክተር ማረሻ ዲስክ ቆርጬ ነው። ማሽኗ ብረቱን እንደ ሙዝ ላጠችው። ብልጭታው ሲፈናጠር፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ፣ ኧረ ምን ልበል፣ ኮራሁ። ስለቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ወጣለት። ጌጥ መሰለኝ! እንዲያውም ደስ ስላለኝ ሌሎቹንም ሰማያዊ እስኪሆኑ ድረስ እየተጫንኩ ሞረድኳቸው።

መስቀል ደረሰ። የሰፈራችን ሰዎች ለቅርጫ በሬ ጥለን ነበር፤ "በል እንግዲህ የማሽን ቢላህን አምጣ" አሉኝ። አመጣሁ። ቆዳው እንኳ ሳይጋመስ ስለቱ ዶለዶመ፤ ሌላዋ ቢላ መገጣጠሚያ ላይ ስትደርስ ጫፏ ታጠፈ። ሳቁብኝ። "ይቺማ ለሕፃን መጫወቻ ትሆናለች!" አለ አንዱ። ከዚያ አንድ ጎረቤቴ ከወገቡ ቢላ መዘዘና በሬው እስኪያልቅ ገፈፈበት። ሽማግሌው የሠሩት ቢላ ነበር። ዙሪያውን ባይ ሁሉም የያዘው የእሳቸውን ነው። ቆዳው በእሳቸው ቢላ ተገፍፎ፣ ሥጋው በእሳቸው ቢላ ተመድቦ፣ ከመደቡ አንዱም የእሳቸው አልነበረም። ይህን ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ ያን ቀን ገና ታየኝ። ሥጋዬን ይዤ ቤት ገባሁ፤ መብላት ግን አቃተኝ።

በማግስቱ ቢላዬን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው ሰማያዊውን አዩት፤ በሁለት ጣታቸው ተጭነው ስለቱን አጠፉት።

"ገደልከውኮ፣ ልጄ። ሙቀቱ በልቶታል። ማሽንህ ቀስ አይልም?"

"አይልም፣ አባባ።"

የታጠፈውን ቢላ መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ሐሙስ እስከ እኩለ ቀን መናኸሪያ ጠበቅሁህ" አሉኝ። "ታሞ ይሆን ብዬ ወፍጮ ቤት ስመጣ ገዝቶ መጣ አሉኝ።"

መሬት ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። መዋሸት ፈለግሁ፣ ውሸቱም ምላሴ ላይ ነበር። "ከእርስዎ ጋር መታየት አፍሬ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ውሃ ልስጥህ?"

ጠጣሁ። ሁለተኛም ጠየቅሁ።

ማሽኗን ያዳንናት እዚያው ወፍጮ ቤቴ ውስጥ፣ አብረን ነው። የሞተሩን ፑሊ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ፣ በትንሽ፣ የማዞሪያዋን በትልቅ ለወጥኩት፤ ይህ እንኳ የእኔ ሙያ ነው። ፍጥነቷ ሲበርድ እሳቸው ጓንቴን ከእጄ ላይ ሞሽልቀው ወረወሩት። "በባዶ እጅህ ያዘው። ጣትህን ሲፈጅህ ውሃ ውስጥ ክተት። እንዲያ ካደረግህ ሰማያዊ አታይም።" ሰው እህል ሊያስፈጭ ሲመጣ ግን ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ይሄዱብኝ ነበር። ገበያዬ እንዳይሸሽ ነው። እቆጣለሁ፣ አይሰሙኝም።

የገና ቅርጫ ላይ ቢላዬ በሬውን ከአንገት እስከ ጭራ ገፈፈች። ያ ባለፈው የሳቀብኝ ሰውዬ ስለቷን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ "ወይ ስልክ! ይህን ሁሉ ከስልክ ነው የተማርከው?" አለኝ።

"ከስልክ አይደለም" አልኩ። "ያስተማሩኝ ቀጥቃጩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ መደብ ጨምሩ፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ይካፈላሉ።"

አንዱ፣ "እንግዲያው እኔን ቀንሱኝ" ብሎ ጋቢውን አንስቶ ሄደ። ሌላ ሰው አልተነሳም። ልቤ ቆርጦ ነበርና ሮጬ ሄጄ እምቢ ሲሉ እጃቸውን ይዤ፣ በገበያው መሀል አምጥቼ ከሰው መካከል አቆምኳቸው።

ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ተቀምጧል። በየመደቡ ላይ ምልክት የሚጥለው ዕጣ ጣይ፣ የማን እንደሆነ እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፉን እያለ ሁሉም የየራሱን ምልክት ለሰብሳቢው ሰጠ። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ቀንሰው፣

"ልጄ፣ ምንድነው የሚሰጠው?" አሉኝ።

"የፈለጉትን፣ አባባ። እንጨትም ይሁን" አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ስንጥር አነሱ። ያችን ስንጥር፣ የሁላችንንም ቢላ በሠራ እጃቸው፣ ለሰብሳቢው ዘረጉ።