የእትዬ እማዋይሽ የስልክ መስመር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ያይኔአበባ ደረሰን ያውቃታል። ከእህል ገበያው ጎን በቆርቆሮ የተከፈለች አንዲት ክፍል አለቻት፤ የጥገና ሱቋ ናት። በሩ ላይ ስሟ ተጽፎ ነበር፤ ክረምቱ አጠበው፤ እሷም መልሳ አላጻፈችውም። «የሚፈልገኝ ያገኘኛል፤ የት እሄድና?» ትላለች። ስትለው ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ወደ ከተማው ከመጣች ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ደረሰ ከቡሬ ወጣ ብሎ በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ቡሬ ኮምፒውተር ስትማር ለስምንት ተማሪ አንድ ማሽን ነበር፤ አንዱ ይነካል፣ ሰባቱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። የእሷ ተራ ሲደርስ ደወሉ ይደወላል። ቢመራት ጊዜ፣ መጋዘን የተወረወሩትን የሞቱ ማሽኖች ልፍታቸው ብላ መምህሯን ለመነች።

«ምን ልታደርጊያቸው?» አላት።

«አልቅሼ ልቀብራቸው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባች ከሦስት ሬሳ አንድ ሰው አወጣች። ከዚያ ወዲህ ወላጅ መጥቶ «ልጄ ይህን ሙያ ይማር ወይስ ይቅርበት?» ሲላት መልሷ ያው ነው። ሰርተፍኬቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ አንድ የሞተ ማሽን ስጡትና ይፍታ። መግጠሙ ካታከተው ሌላ ይማር፤ ሲገጥም ምሳውን ከረሳ ግን እንጀራው እዚያ ነው።

የእህል ነጋዴው ሃይለ ሚካኤል ቡሬ ለምትማር ልጁ ለውዳሴ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲል ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች በብብቱ ይዞ መጣ። አንዷ ታብረቀርቃለች፤ ሌላዋ ጥቁር፣ ክዳኗ የተጫረ።

«ይቺን የምታበራዋን ልወስድ ነው፤ አንቺ ብቻ እሺ በይኝ» አላት።

«ጋሼ፣ በቆሎ ሲገዙ ከጆንያው አፍ ያለውን አይተው ነው?»

«አብጃለሁ? እጄን እስከ ክርኔ ነው የምሰድ!»

«ይቺንም እስከ ክርንዎ ነው» ብላ የጀርባዋን ብሎኖች ፈታች። የምታበራዋ ሆድ ውስጥ ባትሪው እንደ ቂጣ አብጧል። «ይኸውልዎ። ያበጠ ባትሪ እሳት ያመጣል፤ ቤትዎም አያስገቧት። ጥቁሯን ይውሰዱ። የድሮውን ዲስክ አውጥተን ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣኑን እናስገባላታለን፣ ሚሞሪ እንጨምርላታለን፤ ውዳሴን እስክትመረቅ ታደርሳታለች።»

«ፊቷ የተጫረ ነው እኮ! ልጄ ምን ትባላለች?»

«ሊድሯት ነው ሊያስተምሯት?»

ሃይለ ሚካኤል ጥቁሯን ይዞ እየሳቀ ወጣ። በገበያው ሁሉ አወራው። ሰው እንዲህ ሲወድሽ ምን ይጎድልሻል ይሏታል። አዎ፣ አይጎድልም። ግን በስምንት ዓመት ውስጥ የምትጠግነው ያው ማተሚያ፣ የምትጠርገው ያው አቧራ፣ የምትመልሰው ያው ጥያቄ ሆነ። «የማውቀውን ሁሉም ይጠይቀኛል» ትል ነበር፤ «የማላውቀውን የምጠይቀው ሰው ግን የለኝም።»

ድሮ፣ ከተማው ወጀት ይባል በነበረበት ዘመን፣ ሰው የሚታሰረው በገመድ ወይም በዳኛ ቃል ነበር። አሁን ሰው ተፈትቶ እየሄደ ይታሰራል።

ያይኔአበባ ባሕር ዳር ላለ አንድ ድርጅት በኔትወርክ ባለሙያነት ልትቀጠር አመልክታ ለፈተና ተጠራች። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሚኒባሱ ከከተማው መውጫ ተመለሰ። በሁለተኛው ሻንጣዋን አቅፋ ከማለዳ እስከ ቀትር መናኸሪያ ተቀምጣ ዋለች። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ቀርቶ መቼ ብሎ የሚጠይቅ ብቻ ቀርቷል። በሦስተኛው ድርጅቱ በኢንተርኔት ትፈተን እንጂ አንጠብቅም አለ። ሐሙስ፣ ሰኔ መባቻ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ። መስመሯ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከተቋረጠ ፈተናው በራሱ ይዘጋል፣ ስሟም ይሰረዛል።

የሞባይሉ ኢንተርኔት ከጠፋ ከርሟል። በሰፈሩ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም አከራይዋ የእትዬ እማዋይሽ ቤት። እትዬ ባላቸው ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንድ ልጃቸው አለማየሁ ባሕር ዳር ይሠራል፤ መንገዱ ሲያስቸግር እናቱን በስልክ መስኮት እንኳ ልይ ብሎ መስመሩን ያስገባው እሱ ነው። እሑድ እሑድ የልጅ ልጃቸውን በስልክ መስታወት ላይ እየሳሙ ያለቅሳሉ።

ያይኔአበባ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ስትኖር፣ እትዬ ልጄ ማለት የጀመሩት በስንተኛው ወር እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱትም። ታይፎይድ ጥሏት ዘጠኝ ቀን ስትተኛ ዘጠኙንም ቀን ራስጌዋ ተቀምጠው አጥሚት ያጎረሷት እሳቸው ናቸው።

ኢንተርኔቱን ከስልክ ሽቦው ተቀብላ ለቤቱ የምታድለውን ትንሽ ሣጥን፣ ራውተሯን፣ እትዬ ከቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቻቸው ጋር አስቀምጠው፣ ዳንቴል አልብሰው፣ መስታወቱን ዘግተውባት ነበር። ያይኔአበባ ክፍል ውስጥ ታዲያ ምንም አይደርስም።

«እትዬ፣ ይቺ እቃ ታፍናለች።»

«ምን ታፍናለች! ከነብርጭቆዬ አክብሬ አስቀመጥኋት እንጂ!»

«መከበሯ ነው የገደላት። ከኋላዋ መስታወት፣ ከላይዋ ጨርቅ፤ መስታወትና ቆርቆሮ ሞገዷን ይመልሱባታል፣ የጭቃ ግድግዳም ያደክማታል። ደግሞ ትሞቃለች፣ ነፋስ ትፈልጋለች። ከፍ ብላ፣ ከቤቱ መሃል፣ ራቁቷን ነው መቀመጥ ያለባት።»

«ራቁቷን! በእንግዳ ፊት!»

ተከራከሩ፤ ታረቁ። ራውተሯ ቡፌው ጫፍ ላይ ወጣች፤ ዳንቴሉም እንዳይቀር ከሥሯ ተነጠፈ። ከዚያ ያይኔአበባ ሽቦ ገዝታ፣ ጫፉን በራሷ መቆንጠጫ አስራ፣ በጣሪያው ሥር እየጎተተች እስከ ክፍሏ አደረሰችው። ለፈተና በአየር የሚመጣውን አላመነችም፤ ሽቦ ይታመናል።

ያን ዓመት ሰፈሩ ሁሉ ከያይኔአበባ አፍ የሚሰማት አንዲት ምክር ነበረች። አምና የፎቶ ኮፒ ቤቱ የቢሆነኝ እቃ መብረቅ በልቶት ነበር። ቢሆነኝ ደመናውን አይቶ የመብራቱን ነቅሏል፤ የስልኩን ሽቦ ግን ረሳው፤ መብረቁ በዚያ ገብቶ ሦስት ኮምፒውተርና ማባዣውን አከሰለው። ከዚያ በኋላ ያይኔአበባ በር ለበር እየዞረች አስተማረች። «ሲያስገመግም ሁለቱንም ንቀሉ፤ የመብራቱንም የስልኩንም።» እትዬ እማዋይሽን ሦስት ጊዜ አስነቅላ አስተከለቻቸው፣ ጣታቸው እስኪለምደው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ እትዬ በርበሬያቸውን ሰፌድ ላይ አስጥተው ግቢው መሃል ፀሐይ ያሞቁ ነበር። ያይኔአበባ ቀረብ አለች።

«እትዬ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እቃዋን እንዳይነኩብኝ።»

«ካለፍሽ ትሄጃለሽ?»

«መንገዱ ሲከፈት።»

«ባሕር ዳር?»

«ባሕር ዳር።»

«ደህና ከተማ ነው» አሉ እትዬ፣ በርበሬውን በመዳፋቸው እየገላበጡ። «ውሃውም ደህና ነው ይላሉ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፈተናው ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እንደ ዳዊት ደጋሚ ወጣቻቸው። ከዚያ አይታው የማታውቀው ሕንፃ መጣ፤ ባለ ሦስት ፎቅ፣ ስልሳ ሠራተኛ ያለበት፤ መስመሩን አንቺ ዘርጊው ይላል። ያይኔአበባ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። እዚህ ማከፋፈያ፣ እዚያ ሽቦ፣ የእንግዳውን መስመር ከሒሳብ ክፍሉ መስመር መለየት… ስምንት ዓመት ከላዩ የደረቀ ምንጭ ከሥሩ እንደሚፈልቅ እጇ ይሮጥ ጀመር። ፈተና ላይ መሆኗንም ረሳችው። በዚህ መሃል ወደ ቡሬ በኩል፣ ጋሪ ድልድይ ላይ የሚያልፍ የሚመስል ድምፅ ሰማች። ቀና አለች። በበሯ የሚገባው ፀሐይ እንዳለ ነው። መልሳ አቀረቀረች።

ከዚያ ስዕሉ ቆመ።

መጀመሪያ የገዛ ሽቦዋን ነካች፤ የሙያው ደንብ ነው፣ ሰውን ከመጠርጠርሽ በፊት የራስሽን እዪ። ሽቦው ደህና ነው። የኮምፒውተሯ ቀዳዳ ላይ ያለችው መብራት ግን ጠፍታለች፤ ይህ ማለት ከወዲያ ማዶ ያለችው እቃ ራሷ ሞታለች ማለት ነው። መብራት አልሄደም። ተነሥታ ሮጠች። የዋናው ቤት በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«እትዬ! እትዬ እማዋይሽ!»

በመዳፏ ደበደበች።

«እትዬ! ይክፈቱልኝ፣ በእመቤቴ!»

ሁለት ደቂቃ። ስድስት ደቂቃ። ነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ፤ መቀርቀሪያው ተነሣ። እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበዋል።

«ጸሎት ላይ ነበርሁ ልጄ። ምነው?»

ራውተሯ ቡፌው ላይ ጨልማ ተቀምጣለች። ሁለቱም ሽቦዎች ተነቅለው፣ ተጠቅልለው፣ ዳንቴሉ ላይ በሥርዓት ተቀምጠዋል።

«አስገመገመ» አሉ እትዬ። «ሁለቱንም ነቀልሁ። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ያይኔአበባ ሁለቱንም ተከለች። ያቺ እቃ ግን አንዴ ከተነቀለች ነፍስ እስክትዘራ አራት ደቂቃ ትፈልጋለች፤ መብራቶቿ አንድ አንድ እያሉ፣ እየጠፉ እየበሩ። ሰው ፊቷ ስለቆመ አትቸኩልም። ወደ ክፍሏ ስትመለስ የኮምፒውተሯ መስታወት ላይ ያለው ጽሑፍ ተለውጧል። ፈተናው ተዘግቷል።

ግቢው መሃል ቆማ ስልክ ደወለች። የድርጅቱ ሰው ናሁሰናይ ይባላል፤ ድምፁ ጨዋ ነበር። አዝናለሁ እህቴ፣ የሚዘጋው ማሽኑ ነው፣ እኔ መክፈት አልችልም፤ ለሚቀጥለው ፈተና ከአዲሶቹ ጋር ከታች ተመዝገቢ አላት። እሺ አለች። ስልኩን ዘግታ እግሯ ሥር ብታይ የእትዬ በርበሬ ሰፌዱ ላይ ቀይ ሆኖ ተሰጥቷል፤ ስትነካው ይሞቃል።

ያን ጊዜ ነው የገባት።

እትዬ እማዋይሽ ለበርበሬያቸው የሚሆኑት ሰፈር ያውቀዋል። የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና ካዩ ከለቅሶ ቤት ተነሥተው ይሮጣሉ። ዛሬ ነጎድጓድ ሰምተው፣ ሁለት ሽቦ ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ በር ቀርቅረው፣ በርበሬውን ደጅ ትተውታል። ሰማዩ ላይ የዝናብ ዘር አልነበረም፤ እሳቸውም አውቀዋል።

ሰፌዱን አንሥታ ገባች። እትዬ መደብ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አስቀመጠችው።

«በርበሬው ደጅ ነበር፣ እትዬ።»

እትዬ ሰፌዱን አዩ።

በማግሥቱ ያይኔአበባ ሌላ ቤት ፍለጋ ዞረች። ክፍል ሞልቷል፤ መስመር ያለው ግን የለም። መስመር ከሌለው ቤት ብትገባ የሚቀጥለውን ፈተና የምትቀመጠው የት ነው? የሚያስራትም የሚያወጣትም ያው አንድ ሽቦ ሆነ። ተመልሳ ከክፍሏ ገባች። እትዬ ምግብ ከድነው ደጇ ላይ ያስቀምጣሉ። ሁለት ቀን እንደተከደነ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን በላች፤ ራባት፣ ደግሞም ያ ሰሃን ታማ ሳለች ይቀርብላት የነበረው ሰሃን ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው ይላሉ፤ ይህኛው እያበላ የሚያስቀር ነበር። ሱቋንም እንደ ወትሮው ትከፍታለች፤ ማተሚያ ትጠግናለች፤ ማታ ሲገቡ ሁለቱ ሴቶች «እንዴት አመሹ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ይለያያሉ። ከዚያ በላይ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ሰኔም ሐምሌም አለቀ።

ፍልሰታ ላይ፣ እትዬ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወደ ጓሮ መጡ። ያይኔአበባ ደጇ ላይ ተቀምጣ የአንድ ኮምፒውተር ማራገቢያ በቀለም ብሩሽ ትጠርጋለች። እትዬ ጎኗ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«አስገምግሞ ነበር እኮ» አሉ።

«አስገምግሞ ነበር።»

«ወደ ቡሬ።»

«አዎ፣ ወደ ቡሬ።»

እትዬ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው አሹት።

«ሩቅ ነበር» አሉ።

ያይኔአበባ ብሩሹን አቆመች፤ ቀና ግን አላለችም።

«እንደገና ይፈትኗታል አለኝ ሃይለ ሚካኤል። እውነት ነው?»

«ተመዝግቤያለሁ። ይጠሩኛል።»

«መቼ—» ብለው ጀመሩና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ተይው። ተይው ልጄ፣ ቀኑን አትንገሪኝ። ራሴን አላምነውም።»