ግራ እጄ የተሰደበበት አልበም

ያኔ ቦሌ፣ አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ፒያኖ እጫወት ነበር። ሥራዬ ሰዎች በርገራቸውን ሲያኝኩ የራሳቸውን አፍ እንዳይሰሙ መከላከል ነው። አንድ ቀን ዐይኔን ጨፍኜ ሶሎ ላይ ተመስጬ ሳለ አንድ ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ የዋይፋዩን ፓስወርድ ጠየቀኝ። ሳላቋርጥ እየተጫወትኩ ነገርኩት። የራሴን የጃዝ አልበም ለመሥራት የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ስቱዲዮው ገርጂ ነበር፣ አንድ ቪላ ምድር ቤት ውስጥ። ባለቤቱ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ የሚቀዳውም፣ ሚክስ የሚያደርገውም እሱ ራሱ። የሚኖረው በሠርግ ዘፈን ስለሆነ ሐሳቤን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ፣

"ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?" ብሎ ነው።

"ዘፋኝ የለም።"

"ተጣላችሁ?"

"አልተጣላንም። በመሣሪያ ብቻ የሚሠራ ነው።"

ትንሽ አሰበና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። "አይዞህ፣ እናንተ ቅዱ፤ ዘፋኝ አይጠፋም።"

ስቱዲዮው ውስጥ የነበረው ኪቦርድ ብቻ ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ አልበሜ የእውነት ፒያኖ ፈለግኩ፤ መዶሻው ክሩን ሲመታ የሚሰማ፣ እንጨቱ የሚንቋቋ። ደፍሬ ልለምነው የምችለው ፒያኖ ሲኤምሲ ነበር፣ ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ መምህርት ሳሎን ውስጥ። ዛሬም ቲቸር ነው የምላቸው። ቲቸር ስለ ጃዝ ያላቸው አስተያየት አጭር ነው፤ ሳይለማመድ የመጣ ሰው የሚጫወተው ነገር ነው ብለው ያምናሉ።

"ቲቸር፣ ፒያኖዎን ለጥቂት ቀን ቢያውሱኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"ለምንድን ነው?"

"አልበም ልቀዳ።"

"የምን አልበም?"

"የጃዝ።"

መርዶ እንደተነገረው ሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እናትህ ታውቃለች?" አሉኝ። ጸጉሬ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ጀምሮ ነበር።

በመጨረሻ ፈቀዱ፣ ግን በአንድ ነገር። "ፒያኖው የሚሄድ ከሆነ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።" ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አይሱዙ ይዤ ስመለስ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

እሳቸው ጋቢና ገቡ። እኔ ከኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ፒያኖ አቅፌ ቆምኩ። ሾፌሩ ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም፣ አቋራጩን ትቶ በመገናኛ ይዞን ዞረ። እዚያ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ አንድ ትራፊክ ፖሊስ መጣ።

"ምንድን ነው የጫንከው?" አለኝ።

"ፒያኖ ነው።"

"የማን ነው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ቲቸር በመስኮት ብቅ አሉ። "የእኔ ነው ልጄ። ተውሶኝ ነው፣ ይመልሰዋል። የሚጫወተው ጃዝ ነው፤ ግን ክፉ ልጅ አይደለም።"

ትራፊኩ ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ በእጁ ሂዱ አለን።

ፒያኖው ተቃኝቶ ሲያበቃ ቀረጻ ጀመርን። ክፍሉ አንድ ስለሆነ እኔና አብረውኝ ሊቀዱ የመጡት ቤዚስትና ድራመር እዚያው ተጠጋግተን ነው የምንጫወተው። ቲቸር ጥግ ላይ ሶፋ ተሰጣቸው። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር እናቆማለን፤ ጄኔሬተር ሲነሳም እናቆማለን። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ነገር ጸጥ አለልን፤ በአምባሰል ቅኝት የሠራሁትን ዝግ ያለ ሙዚቃ ጀመርነው። ደህና እየሄደ ነበር። ሶሎዬ መሃል ላይ ድራመሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግልኝ፣ ከሶፋው በኩል በዚያ በማውቀው የክፍል ድምፅ፣

"ግራ እጅህ ሰነፍ ነው" አሉ።

ጀርባዬ ቀጥ አለ። ግራ እጄ ከእኔ በፊት ደነገጠ መሰለኝ፣ ከዚያ በፊት አስቤው የማላውቀውን ነገር መጫወት ጀመረ። ድራመሩ ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁን ለመደበቅ ይሁን ለሌላ፣ ከበሮውን ጠበቅ አድርጎ ተከተለኝ። ስንጨርስ ጓደኛዬ ሄድፎኑን አወለቀ።

"በጣም አሪፍ ነው" አለ ጓደኛዬ። "አሁን እሳቸውን ላውጣቸው።"

አልወጡም። ድምፃቸው ሁሉም ማይክ ውስጥ ገብቷል። ደጋግመን ቀዳነው፤ ቲቸር አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀመጡ። ሁሉም ልክ ነበር፣ ሁሉም የሞተ ነበር።

ሲያቅተን የመጀመሪያውን በሄድፎን አሰማኋቸው። "ድምፅዎ እዚህ ላይ ቢቀር ቅር ይልዎታል?" አልኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ከእኔ በኋላ ያለው ጥሩ ነው" አሉ። "ከእኔ በፊት ያለውን አውጣው።"

ሁሉንም እንዳለ ተውነው። አልበሙ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ዘመዶቼ አዳመጡት፤ እናቴ ሴትየዋ የተናገሩበት ቦታ ደስ እንደሚል ነገረችኝ፣ ስለቀረው ምንም አላለችም። ከሁሉም በላይ የወደደው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነው። በጣም ከመውደዱ የተነሳ በሎቢው ስፒከር ይከፍተው ጀመር፤ ከዚያም እንግዲህ ከአንተና ከአልበምህ አንዱ ይበቃል ብሎ እኔን አሰናበተኝ። በራሴ አልበም ከሥራ የተባረርኩ ሰው ነኝ።

ፒያኖውን ሲኤምሲ መልሼ ሳስቀምጥ ቲቸር ወንበሩን ሳቡልኝ። "ተቀመጥ። በግራ እጅህ ብቻ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ኖረም አልኖረም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ እንደ ሕፃን ዶ ሬ ሚ እያሉ ስኬል ያስመቱኛል፣ ስሳሳት ጣቴን ቸብ ያደርጉኛል። ባለፈው ቅዳሜ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡና መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ "ይሻላል" አሉኝ። አልበም ማውጣቴን የማያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ይህን ግን ላገኘሁት ሁሉ ነግሬያለሁ።