የሚስቱን እግር የናፈቀው ጫማ ሰሪ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ልኬ ይለዋል፤ የደንበኛውን እግር በስንዝሩ ለክቶ «ይኸው ልክህ!» ማለት ስለሚወድ። ሠላሳ ዓመት ጫማ ሰፍቷል። የሚስቱ ግራ እግር ከቀኙ በጣት ይበልጥ ስለነበር፣ ከሱ በቀር የሚሆናትን ጫማ የሚሠራላት አልነበረም። «ያገባሁህ ለጫማው ብዬ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። ካንሰር ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ ከእግዜር ጋር ተኳረፈ። ሴት ልጁ ብትለምነው ብታስለምነው ቤተ ክርስቲያን አልረግጥም አለ።

አንድ ቀን ሶል ሊያስቀይር የመጣ ጡረተኛ መምህር ሐዘኑን አይቶ ቤቱ ጋበዘው። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ ስድስት ሰዎች ሳሎን ተሰብስበው ግኖስቲኮች ስለሚባሉት የጥንት የእምነት ወገኖች ያነባሉ።

«ይህን ዓለም የሠራው እውነተኛው አምላክ አይደለም» አለ መምህሩ። «ሥራውን በቅጡ የማያውቅ የበታች ሠሪ ነው። ሥጋ እስር ቤት ነው፤ ነፍስ የምትፈታው በስውር እውቀት ነው።»

ጋሽ ልኬ እፎይ አለ። ካንሰሩ የእግዜር ሥራ ካልሆነ የሚኮረፍ የለማ! ሦስት ወር ሳያጓድል ተመላለሰ።

አንድ ሐሙስ ግን ሲያብሰለስለው የከረመውን አወጣው።

«አገኛታለሁ ወይ?»

«ብርሃኗን ታገኛለህ፤ ስም የለ፣ መልክ የለ።»

«እግሯንስ?»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። «እግር ምን ያደርግላታል? ተገላገለችው እኮ!» አለ መምህሩ፣ በደግነት።

ጋሽ ልኬ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። እሱ መች ተገላገለውና! የተረከዟን ስንጥቅ እጁ አልረሳውም። በመጨረሻው ሰሞን እግሯ ሲያብጥ በሞቀ ውሃ ያጠበው እሱ ነው። አሁንም ቆዳ ሲቆርጥ እጁ ሳያስበው በሷ ልክ ይሄዳል።

በነጋታው የሰፈሩ ቄስ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ እግሯ ይነሣል?»

«ሥጋም ይነሣል ብለን ነው የምናምነው። ጌታ ራሱ ሲነሣ የቆሰለ እጁን አሳይቷል።»

«ካንሰሩንስ ማን ሠራው?»

ቄሱም፣ «አላውቅም ልጄ። እኔም እጠይቀዋለሁ» አሉ።

ምሳ ላይ ለልጁ ነገራት። «እዚያ መልስ አለ፣ እናትሽ የለችም። እዚህ እናትሽ አለች፣ መልስ የለም።»

«ታዲያ የትኛው ይሻልሃል?»

«እናትሽ ያለችበት ነዋ!»

ኩርፊያው አልለቀቀውም፤ ቢሆንም እሑድ እሑድ ከልጁ ጋር በሩ አጠገብ ይቆማል። ጸሎተ ሃይማኖቱ የሙታን ትንሣኤ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከሁሉ በላይ ይወጣል።

«አባዬ፣ ቀስ በል፤ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።