የጀርባው ቁጥር

ሽበት የወረሰው ብስክሌተኛ፣ የአምስት ቀኑ የአማተሮች ውድድር ከተጀመረ ወዲህ፣ ማለዳ ማለዳ መነሻው ጋ ውሃ ወደምታድለው ሴት ይመጣል። የውድድር ቁጥሩንና አራት መርፌ ቁልፍ ዘርግቶ፣ «እህቴ፣ እጄ ጀርባዬ ላይ አይደርስልኝም፤ እስቲ አያይዢልኝ» ይላታል። ማሊያው ትከሻው ላይ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፤ ራሱ እንደሰፋው ያስታውቃል። ስታያይዝለት፣ ፀጉሩን እንደሚስተካከል ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ይላል። ማታ ከሁሉም ኋላ ነው የሚገባው፤ አጨብጭቦ የሚቀበለውም የለ። ስንተኛ እንደወጣ ስትጠይቀው፣ «ፊተኞቹ ፊተኛ የተባሉት እኔ ስላለሁ አይደል?» ብሎ ይስቃል፤ ሳቁን ግን ቶሎ ይሰበስበዋል።

በአራተኛው ቀን ሌሎቹን ልብ ብላ አየቻቸው። ቁጥራቸውን አንዴ ካያያዙት ወዲህ ማንም አልነቀለውም፤ ማሊያቸውን እንኳ ከነቁጥሩ ነው የሚያጥቡት። በየማታው የሚፈታው እሱ ብቻ ነው። አንጀቷን በላው።

በመጨረሻው ማለዳ አያይዛለት ስታበቃ፣ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ሊሄድ ሲል፣ «ቆይ ጋሼ፣ ጠሞብኛል» አለችው።

አልጠመመም። አራቱንም ፈታችና፣ ቀስ ብላ፣ እንደገና ጀመረች።