ጎጀብ ላይ የሰጠሁት ጃኬት

የመሄዴ ዋዜማ ማታ እናቴ የጃኬቴን ክርን ትጥፍ ነበር። ጅማ ለሥራ እንደምሄድ ነው የነገርኳት፤ ሱዳን ብላት ኖሮ መርፌውን ጥላ በሩ ላይ ትተኛ ነበር። ጨርቅ ስታጣ ከአባቴ ካኪ ሱሪ ቆርጣ ጥቁሩ ጃኬት ላይ ለጠፈችው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ሱሪው ግን ገና ጠንካራ ነበር።

"እማዬ፣ ቀለሙ አይሄድም እኮ" ስላት፣

"ብርድ ቀለም አይመርጥም" አለችኝ።

ውጭ ይዘንባል። ቦንጋን ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ ዝናብ እኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም፣ ደባል ነው። ያን ማታ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየሰማሁ፣ ይህን ድምፅ ጥዬ የት ነው የምሄደው እያልኩ ልቤ ከዳኝ። መስቀል ሊደርስ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፣ እኔ እወጣለሁ።

እውነቱን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለጋሽ ሸምሱ። ጋሽ ሸምሱ ገበያው አጠገብ ሳሙናና ጨው፣ ክርና ሚስማር የሚሸጡ፣ እኔ ሳልወለድ ከስልጤ መጥተው ቦንጋ የቀሩ፣ ካፊ ኖኖን ከእኔ አስተካክለው የሚናገሩ ነጋዴ ናቸው። ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ እሳቸው ሱቅ ነው የሠራሁት። በጆሯቸው የነገርኳቸውን ሰምተው በረንዳው ላይ ወጡና፣ ባጃጅ ሾፌሩም ቅቤ ሻጯም እየሰሙ ጮኹብኝ። "ሂድ። ሂድ አልኩህ። ሬሳህን እንኳ የሚያገኘው ሰው አይኖርም።" ከዚያ ወደ ውስጥ ጠርተው፣ ዓይናቸውን እየጠራረጉ፣ ለመንገድ የሚሆን ብስኩት አስያዙኝ። ጩኸቱን ገበያው ሁሉ ሰማ፣ ብስኩቱን ግን ያየ የለም።

በማግስቱ አውቶቡሳችን ጎጀብ ድልድይ ጋ ጎማው ተነፈሰ። ከቦንጋ ጭጋግ ወጥቶ ጎጀብ መውረድ ምድጃ ውስጥ እንደ መግባት ነው፤ ተሳፋሪው ልብሱን እያወለቀ ጥላ ፍለጋ ተበተነ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ወንዙ ሞልቶ ያጉረመርማል። በዚያ ሙቀት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ አንድ እኩያዬን አየሁ። ወባ መሆኑን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

"ወዴት ነህ?" አልኩት።

"ወደ ቤት፣ ቢታ ገነት። ቡና እርሻ ላይ ነበርኩ።"

"እንዲህ ሆነህ?"

"ለመስቀል ካልደረስኩ እናቴ ወይፈኑ ላይ ቢላ አታሳርፍም። ትጠብቃለች። አንተስ?"

ለማላውቀው ሰው መዋሸት አላስፈለገኝም። "ሱዳን" አልኩት።

"በመስቀል ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው" አለና ሳቀብኝ።

ስሙ ደጀኔ ነበር። ብስኩቱን ተካፈልን፤ እሱም ከከረጢቱ የተጠበሰ በቆሎ ሰጠኝ። ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ጃኬቴን አውልቄ አለበስኩት። ጣቶቹ ስለሚንቀጠቀጡ ቁልፉን እኔው ቆለፍኩለት። ወደ ቦንጋ የሚሄድ መኪና እየመጣ ነው አለኝ። ሱዳን ጃኬት ምን ይሠራልኛል ብዬ፣ ራሴን ቸር ሰው አድርጌ ተሳፈርኩ።

መተማ ላይ ሊያሻግረኝ የተቀበለኝ ደላላ "ድንበሩን ስንሻገር እመልስልሃለሁ" ብሎ ስልኬን ተቀበለኝ። ድንበሩን ተሻገርን፣ ስልኩ ቀረ። (ደላላው ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ባትሪው ድሮም አይረባም።) ከእናቴ ጀምሮ የሰው ቁጥር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ገዳሪፍ ሰሊጥ እርሻ ላይ፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ ጀርባዬ እስኪላጥ አጭጄ ከረምኩና ካርቱም ገባሁ።

ካርቱም ሰማይ አለው፣ ደመና ግን የለውም። ዝናብ ሲያምራችሁ አቧራ ይመጣላችኋል፤ ሀቡብ ይሉታል፣ ቀኑን አጨልሞ በጆሮ ይገባል። ኪስራ የሚሉት እንጀራ አላቸው፣ ታሞ የከሳ እንጀራ ነው የሚመስለው። ጠዋትም ፉል፣ ማታም ፉል። ቆጮ በሕልሜ እየመጣ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ደግሞ ስትበሉ የደረሰ ሰው አብሯችሁ ሳይቀመጥ አይሄድም፣ ይህስ የእኛን አገር ይመስላል። ዓሲር ቤት፣ ጭማቂ ቤት ማለት ነው፣ ሥራ አገኘሁ። ሐጃ ዘይነብ የሚባሉ ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሐጃ ከሐበሻ ተከራዮቻቸው የለቀሙት አማርኛ አላቸው፣ በእሱ ይሳደባሉ።

በመጀመሪያ ደሞዜ ያገለገለ ስልክ ገዛሁና የድሮ አካውንቴን ከፈትኩ። የራሴ ፎቶ ወጣ። አጠገቡ ሻማ በርቷል።

"የጎጀብ ዳሩ ምስጢር" የሚል ፔጅ ነው። ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲጎድል ጎጀብ ዳር መልኩ የማይለይ ሬሳ ተገኝቷል። ከላይ ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ክርኑ ላይ የካኪ እራፊ ተጥፎበታል። ሽማግሌዎች ሬሳውን ለእናት አናሳይም ብለው ጃኬቱን ብቻ ወሰዱላት። እናቴ እራፊውን አየች፣ የገዛ እጇን ስፌት አወቀች፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ማን ይጠይቃታል? ለቅሶ ተቀመጠች።

ከዚያ በታች ኮሜንቱ ነው። አንዱ "አንገቱ ላይ ገመድ ነበረበት" ይላል። ሌላው "ገመድ ሳይሆን ጥይት ነው" ይላል። ሦስተኛው ውጭ አገር ተቀምጦ "እኔ በዓይኔ አይቻለሁ" ይላል። ቀጥሎ የበረንዳው ንግግር መጣ። "ሬሳህን የሚያገኘው ሰው አይኖርም" ያለው ነጋዴ ይጠየቅልን። ጋሽ ሸምሱ "ልጁ ሱዳን ነው የሄደው" ቢሉ፣ "ለእናቱ ጅማ ነው ያለው፣ ሲዋሽ ነው" ተባሉ። ለእናቴ የዋሸሁት ውሸት እሳቸውን ፖሊስ ጣቢያ አስገባቸው። የሱቃቸው ቆርቆሮ በድንጋይ ተደብድቧል። ይባስ ብሎ ነገሩ ከጋሽ ሸምሱ አልፎ "መጤዎች" ወደሚል ተሻግሮ ነበር። አገር እንዲህ ነው የሚቃጠለው፣ በአንድ እራፊ።

"አለሁ፣ ታረቀኝ ነኝ፣ አልሞትኩም" ብዬ ጻፍኩ።

"አካውንቱ ተጠልፏል።"

"በሟች ስም አትቀልዱ።"

"ታረቀኝ ከሆንክ የሞትክበትን ቀን ንገረን።"

ቪዲዮ ቀርጬ ለጠፍኩ። "የድሮ ነው" አሉ። አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ "ታረቀኝ በሕይወት ሳለ እንዲህ አይወፍርም ነበር" ብሎ ጻፈ። በፉል።

ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳለቅስ ሐጃ ዘይነብ መጡ።

"ምን ሆነ፣ ያ ሐበሺ?"

ፎቶውን አሳየኋቸው። "አገር ቤት፣ ሞቷል ብለው ቀብረውኛል።"

መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ። "ሙት በቤቴ አይከራይም" አሉ። "ኢጃር ማን ይከፍላል?" ከዚያ የራሳቸውን ስልክ አምጥተው እጄ ላይ ጣሉት። "ያላ፣ እናት ደውል።"

ቁጥሩን ከየት ላምጣ? ከፔጁ ላይ። ለቀብር የተሰበሰቡ ሰዎች ፎቶ ጀርባ የእድራችን ድንኳን ይታያል፣ ድንኳኑ ላይ የእድር ዳኛው የጋሽ ገብሬ ቁጥር ተጽፏል። እኔኑ በቀበሩበት ድንኳን ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ጋሽ ገብሬ ድምፄን ሲሰሙ አልጮኹም፣ ስልኩን ይዘው በእግራቸው እናቴ ጋ ሄዱ። እናቴን ግን በልጅሽ ስም የሚደውል እንዳያታልልሽ ብለው ጎረቤቶች አስጠንቅቀዋታል፤ ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ያዘች። እስትንፋሷ ብቻ ይሰማኛል።

በመጨረሻ "ምን በላህ?" አለችኝ።

ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስኩም። "በልቻለሁ እማዬ፣ ጠግቤያለሁ" አልኩ።

"እንዲህ የሚዋሸኝ አንድ ልጄ ብቻ ነው" አለችና ቤቱን በእልልታ ሞላችው። ስልኩ ወደቀ፣ መስመሩ ተቋረጠ፤ እኔ ካርቱም መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ሳለቅስ ሐጃ ዘይነብ ሻይ አመጡልኝ።

ቀጥዬ የደወልኩት፣ ቁጥሩ እዚያው ፔጁ ላይ ስለነበር፣ ጉዳዩን ወደያዘው መርማሪ ነበር።

"ታረቀኝ ስለሚባለው ሟች ነው የምደውለው።"

"ከሟች ጋር ምን ዝምድና አለህ?"

"ሟቹ ራሴ ነኝ።"

"እንግዲያው በአካል ቀርበህ ቃልህን ስጥ።"

"ካርቱም ነኝ።"

"ወንድሜ፣ ሟች በስልክ ቃል ሲሰጥ አጋጥሞኝ አያውቅም። እናትህንና የቀበሩህን ሰዎች ላክልኝ። እነሱ አልቀበርነውም ካሉ እኔ ምን አገባኝ።"

ጋሽ ገብሬ ማታውን መልሰው ደወሉልኝ። "እኔ ራሴ አፈር አልብሼሃለሁ። ጡሩምባ ተነፍቷል፣ ንፍሮ ተበልቷል። የቀበርነው ሰው ሲደውል ምን እንደምናደርግ ደንባችን ላይ የለም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ገብሬ።"

"ይቅርታው ቀላል ነው። ሁለተኛ ስትሞት ግን አስቀድመህ አስታውቀን።"

ደንቡ ላይ ስለሌለ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ጡሩምባ ነፊውን ላኩ። ጡሩምባ እኛ ሰፈር ለሞት እንጂ ለሌላ ተነፍቶ አያውቅም። ሴቶቹ ገና ድምፁን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ፣ እያለቀሱ ወጡ። ነፊው "ታረቀኝ አለ" ይላል፣ እነሱ "ወይኔ ታረቀኝ" ይላሉ። ጆሮ የለመደውን ነው የሚሰማው። እናቴ መሀላቸው ገብታ እልል እስክትል ድረስ ሁለተኛ አለቀሱልኝ። ከዚያ ያው ሁሉ ሕዝብ፣ የቀበረኝ እድር በሙሉ፣ እየዘፈነ ወደ ጣቢያው ሄደ። "እኛ ቀብረነዋል፣ አልሞተም የምንለውም እኛው ነን" አሉ። ጋሽ ሸምሱን በትከሻቸው ተሸክመው ሱቃቸው ድረስ አደረሷቸው፤ በር የደበደቡት ልጆች ራሳቸው ቆርቆሮውን አቃኑት። የዚያን ቀን ካርቱም ውስጥ ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም። የዓሲር ቤቱ ባለቤት ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ "ተነሣሁ" አልኩት፣ እሱም አብሮኝ ሳቀ።

ፔጁ ላይ ግን አዲስ ጽሑፍ ወጣ። ጃኬቱን አልብሶ ሰው የገደለው ታረቀኝ ራሱ ነው ይላል። ከስሩ አንድ ኮሜንት ነበር፤ ጋሽ ሸምሱ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉት ነው፤ "ታረቀኝ፣ ብስኩቱን በላኸው ወይ?" ይላል። "ግማሹን በላሁ፣ ግማሹን ጎጀብ ላይ ለደጀኔ ሰጠሁት" ብዬ መለስኩ። ቦንጋ ሁሉ ያን ቃል ተቀባበለው። ምስጢረኛው ፔጅም ጥቂት አጉረምርሞ ዝም አለ።

መቃብሩ ውስጥ ግን ሰው አለ። ጃኬቴን የለበሰ፣ በእኔ ስም የተለቀሰለት። ስለ ደጀኔ የማውቀውን ለጋሽ ገብሬ ነገርኳቸው፤ እሳቸው በሺሺንዳ ገበያ በኩል ለቢታ ነጋዴዎች አደራ ላኩ። እናቱ እትዬ ብርቄ ልጃቸውን ገና እየጠበቁ ነበር። ቦንጋ መጡ። እድሩ ድንኳኑን እንደገና ተከለ፣ "አንዴ የእኛ ብለን ቀብረነዋል" ብሎ መቃብሩን በእድሩ ልጅነት አጸደቀለት። እናቴ ለእኔ የለበሰችውን ጥቁር አላወለቀችም። "ለብሼዋለሁ፣ ለእሱ ይሁን" አለች። በምን እንደሞተ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ትኩሳቱ ይሁን፣ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ ጎጀብ አልተናገረም። ከወንዙ በላይ እናውቃለን የሚሉትን ሰዎች ደግሞ ስሰማ ከርሜያለሁ።

አሁን ደህና ነኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ለማውጣት እየተሯሯጥኩ ነው፤ ቢሮው በሄድኩ ቁጥር "ቡክራ" ይለኛል፣ ነገ ማለት ነው፣ የእኛን "ነገ ተመለስ" በዓረብኛ ስሰማው አገሬ ያለሁ ይመስለኛል። ወረቀቱ ሳይወጣ አገር ብገባ መመለሻ የለኝም፣ የእናቴም ቤት የሚተዳደረው እዚህ በምሠራው ነው።

ባለፈው እሁድ እናቴ ደወለች። እትዬ ብርቄ ለመቃብሩ መጥተው እኛ ቤት አርፈዋል። ስልኩን ሰጠቻቸው። በካፊ ኖኖ ጠየቁኝ፣ ቀስ ብለው፣ ቃሉ እንዳያመልጠኝ።

"በርዶት ነበር?"

"ጃኬቱን እኔ ነኝ የቆለፍኩለት፣ እስከ አንገቱ።"

"በልቶ ነበር?"

"አብረን በልተናል። በቆሎም ሰጥቶኛል።"

"ስለ እኔ አለ?"

"ለመስቀል ካልደረስኩ እናቴ ወይፈኑ ላይ ቢላ አታሳርፍም አለ።"

"እውነቱን ነው፣ አላሳረፍኩም" አሉ። "አሁን በሬ ሆኗል፣ ደጄ ላይ ነው። ልጄን ያለበስክ አንተ ነህ። ለመስቀል መጥተህ ታሳርዳለህ?"

"እመጣለሁ" አልኳቸው።

እናቴ አጠገባቸው ሆና ድምፄን ትሰማ ነበር። ስዋሽ የምታውቀኝ እናቴ፣ ያን ቀን ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።